መሣሪያው ያልጠበቀው ተማሪ

በዚህ በአርሲ ነገሌ ከተማ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለልጃችን የእጅ ስልክ ብንገዛለት ትምህርቱ ይሻሻል ይሆን?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም ጠያቂዎቹ ግን በአንድ ዓይነት ችግር ላይ ያሉ አይደሉም። አንደኛው አባት ልጁ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ እንዲገኝለት የሚመኝ ነው። ሁለተኛው ልጁ ጥቁር ሰሌዳውን አጥርቶ ማየት ስለ ተሳነው መላ የሚፈልግ ነው። ሦስተኛዋ እናት ደግሞ የልጅዋ ጆሮ ስለ ከበደ «መምህሩ የሚለውን ካልሰማች ከቤት ብትውል አይሻልምን?» እያለች የምትጨነቅ ናት። ለሦስቱም አንድ መልስ መስጠት ስለማይቻል፣ ነገሩን ከሥር ጀምረን በዚህ ዓምድ ልንመረምረው ወደድን።

መሣሪያ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ብቻ ነው። ነገር ግን የፊደል ገበታውም መሣሪያ ነው፤ ብራናውና መቃው፣ ጠመኔውና ሰሌዳውም መሣሪያ ናቸው። በዓይን ላይ የሚደረገው መነጽር ከመሣሪያዎች ሁሉ አንዱና ምናልባትም ለተማሪ እጅግ የሚጠቅመው ነው። እንግዲህ መሣሪያ ማለት የመምህሩን ዕውቀት ወደ ተማሪው ለማድረስ በመካከላቸው የሚቆም ነገር ሁሉ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ብለን ሳይሆን «ለየትኛው ልጅ ይደርሳል? የትኛውንስ ልጅ ያልፋል?» ብለን ነው።

እኛ በሕፃንነታችን በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት፣ ከዚያም በዘመናዊው ትምህርት ቤት የተማርን ስለ ሆንን ሁለቱን ማነጻጸር ልማዳችን ነው። በተማሪ ቤት አንድ መምህር ልዩ ልዩ ዕድሜና ልዩ ልዩ ችሎታ ያላቸውን ብዙ ልጆች ይይዛል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጮኹም ቅሉ እያንዳንዱ የሚሄደው በገዛ እርምጃው ነው። ትናንት የተቀበለውን ሳያጠና ዛሬ አዲስ አይሰጠውም፤ ያጠናውም ሰነፉን እንዲጠብቅ አይገደድም። ቅኔ ቤት ሲገባም ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከፍ ያለው መወድስ ይቆጥራል። ማታ በቅኔ ነገራ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ የገዛ ራሱን ሥራ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል እንጂ የሌላውን ደግሞ አያልፍም። ከመምህሩ በታች ያሉት አስነጋሪዎችና ዘራፊዎች ታናናሾቻቸውን ይረዳሉ። እንዲህ ባለው ጉባኤ ዝም ብሎ ተቀምጦ መዋል የሚቻለው ተማሪ የለም።

ከዚህም የተነሣ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ለመድረስ ችሏል። ዜማውም ቅኔውም ትርጓሜውም በቃል የሚሰጥ ስለ ሆነ የዓይኑ መታወር በር አልዘጋበትም። ይልቁንም የማስታወስ ኃይሉ በርትቶ የብዙ ደቀ መዛሙርት መምህር የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን የቀድሞውን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ይኸው በቃል የሚሰጠው ትምህርት ለዓይነ ስውሩ የከፈተውን በር ጆሮው ለማይሰማው ልጅ ዘግቶበታል። ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከጉባኤው ውጭ ቀርተዋል። አርጩሜውም ስንቱን ልጅ ከትምህርት እንዳባረረ እኛ የተማርነው ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ልብ ልንል የሚገባን ይህ ነው፤ ማናቸውም የማስተማሪያ መንገድ ለአንዱ በር ሲከፍት በሌላው ላይ ሊዘጋ ይችላልና፣ በሩ የተዘጋበትን ልጅ አስቦ ሁለተኛ በር ማበጀት የመምህሩ ግዴታ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ የመጣ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ታወረ። እርሱ ግን በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብን እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ከዚያም የሰዋስውንና የሒሳብን፣ የፍልስፍናንና የመጻሕፍትን ዕውቀት አከማችቶ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ የታወቀውን የእስክንድርያን ትምህርት ቤት እንዲመራ ሾመው። እንደ ጄሮም ያሉ ሊቃውንት ከሩቅ አገር መጥተው ከእርሱ ዘንድ ተምረዋል። እንግዲህ ያ የተቀረጸ እንጨት በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር። ነገር ግን እንጨቱ ብቻውን ሊቅ አላደረገውም፤ እንጨቱን ቀርጾ የሰጠው ሰው፣ ሲያነብለትም የዋለ ሰው ነበረው። ከዚህም ጋር ዓይነ ስውር ነው ብሎ ከመንበሩ ያልከለከለው አባት ነበረው።

ከዲዲሞስ በኋላ 1,400 ዓመት ያህል አልፎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1784 በፓሪስ ከተማ ቫለንታን ኦዊ የተባለ ሰው ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያም ትምህርት ቤት ከገቡት ልጆች አንዱ ሉዊ ብሬል ነበረ። ይህ ልጅ በ1809 የተወለደ የቆዳ ሠሪ ልጅ ሲሆን፣ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ስለ ወጋው ኋላ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ባርብዬ የተባለ የጦር መኮንን በጨለማ የሚነበብ ባለ 12 ነጥብ ጽሕፈት አውጥቶ ነበርና፣ ብሬል ያንን አሻሽሎ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። ይህንንም በ1824 ሲፈጽም ዕድሜው 15 ዓመት ብቻ ነበር። ነገር ግን ዓይናማዎቹ አስተዳዳሪዎች «ይህ ለእኛ አይነበብም» በሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ አልተቀበሉትም። ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን በደንብ የተቀበለው በ1854፣ ብሬል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ስለ ችግሩ የሚያውቀው ችግሩ ያለበት ልጅ ነውና፣ መሣሪያ ስንመርጥለት አስቀድመን እርሱን እንጠይቀው።

የብሬል ጽሕፈት ወደ አገራችን ሲገባ የራሱ ብልሃት አስፈልጎታል። ስድስቱ ነጥቦች ተቀያይረው ሊሰጡ የሚችሉት 63 ምልክት ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው እያንዳንዱ ሆሄ ለብቻው ምልክት አልተሰጠውም። አስቀድሞ የፊደሉ ዘር፣ ቀጥሎም ድምፁን የሚያመለክተው አናባቢ ይጻፋል። ዓይናማው በአንድ ቅርጽ የሚያየውን ዓይነ ስውሩ በሁለት ምልክት ይዳስሰዋል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት መጽሐፉ ይገዝፋል፣ ንባቡም ጊዜ ይፈልጋል። መምህሩ ይህን ያላወቀ እንደ ሆነ ልጁን «ዘገምተኛ» ብሎ ይፈርድበታል፤ ያወቀ ግን ለፈተናው ጊዜ ይጨምርለታል።

ከከተማችን ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሻሸመኔ፣ ካቶሊካውያን ያቋቋሙት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ የተማሩት በዚያ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ የተወለዱት በ1974 ዓ.ም. በወሎ ሲሆን፣ ዓይናቸው የጠፋው የአምስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። ከሻሸመኔ በኋላ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር አብረው ተማሩ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሠሩት ሥራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ልዩ ትምህርት ቤቱ ብሬልን፣ ማለት ቁልፉን፣ በእጃቸው ሰጣቸው። ሁለተኛው፣ መደበኛው ትምህርት ቤት በሩን ከፍቶ ከሌሎች ልጆች ጋር አስቀመጣቸው። ቁልፍ ያለ በር፣ በርም ያለ ቁልፍ ከንቱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» በመባል የታወቀው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሥራ ጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ለሚማሩ ተማሪዎች ይቀርብ ነበር። የታሰበበትም ምክንያት በጎ ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር ያለው ተማሪ የኬሚስትሪውን ሙከራ በዓይኑ ያያል፤ ልምድ ያለው መምህር ባልደረሰበት ቦታ ትምህርቱ በአንድ ዓይነት ደረጃ ለሁሉ ይዳረሳል ተብሎ ነው። በእርግጥም ብዙ ተማሪዎች በመጽሐፍ ብቻ ያነበቡትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ያዩት በዚያ መስኮት ነው። ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም።

ነገር ግን ያ መስኮት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሥርጭቱ በቀጥታ ከሳተላይት የሚወርድ ስለ ሆነ መምህሩ «ቆይ፣ ይህን እንድገምላቸው» ሊለው አይችልም ነበር። «መልሱን ጻፉ» ብሎ ጥቂት ይታገሣል፤ ጊዜው ሲያልቅ የጻፈም ያልጻፈም ቢኖር ትምህርቱ ይቀጥላል። በአንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በልቡ ሲተረጉም አምስተኛው ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ለዓይነ ስውሩ «ይህን ሥዕል ተመልከቱ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጆሮው ለከበደው ደግሞ የተናጋሪው አፍ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይደርሰውም። መምህሩም ከክፍለ ጊዜው ትልቁ ድርሻ ስለ ተወሰደበት በመግቢያና በመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ቆመ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ይህን የምናነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ በየዘመኑ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ይኸው ፈተና ስለሚመለስ ነው። በአገራችን «ባለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ተማሪው እንዲጠይቅ የማያደርግ መሣሪያ፣ ቴሌቪዥንም ይሁን ኮምፒዩተር ወይም ጠመኔ የያዘ ችኩል መምህር፣ ደጅ አዝማችነቱን አስቀድሞ ይነፍገዋል። እኛም መምህራን ብንሆን ጀርባችንን ለተማሪ ሰጥተን ከሰሌዳው ጋር ስንነጋገር ከዋልን ከዚያ መስኮት የምንለይበት ነገር የለም።

ሁለተኛውም ፈተና ብዙ ሳይቆይ መጣ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ክፍል ሆነ። ዳሩ ግን ቴሌቪዥን ያለው ቤትና ራዲዮ እንኳ የሌለው ቤት፣ መብራት ያለው የከተማ ልጅና ከላንጋኖ ወዲህ ማዶ ከብት የሚጠብቀው ልጅ እኩል አልተማሩም። ልብ ብለን ያየነው ነገር ቢኖር መሣሪያው ካለበት ቤት ሁሉ ልጅ አለመማሩን ነው፤ በደንብ የተማረው አጠገቡ ተቀምጦ «ምን አለ? እስቲ ንገረኝ» የሚል ሰው ያገኘ ልጅ ነው። ጠያቂው ያልተማረች እናት ልትሆን ትችላለች። የምታውቀውን ልታስረዳው ባትችል እንኳ የሰማውን እንዲያስረዳት ማድረግ ትችላለችና፣ አስረጅ የሆነ ልጅ ደግሞ የተማረውን አይረሳም።

አሁን ስለ እጅ ስልኩ እንናገር። የእጅ ስልክ ከፕላዝማው የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ተማሪው ሊያስቆመው፣ ሊመልሰው፣ ሊደግመው ይችላል። ዓይኑ ለደከመ ልጅ ፊደሉን ያጎላለታል፤ በሰሌዳ የተጻፈውንም ፎቶግራፍ አንሥቶ ቀርቦ እንዲያነበው ያደርጋል። ለዓይነ ስውሩ የመምህሩን ድምፅ ይቀዳለታል፤ ጽሕፈትንም በድምፅ ያነብለታል፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ግን ይህ ችሎታ ከእንግሊዝኛው ገና ወደ ኋላ የቀረ ነው። ለማይሰማው ልጅ በጽሕፈት መልእክት ከጓደኞቹና ከመምህሩ ጋር ያገናኘዋል፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ ዘመዶችንም በሥዕል ያሳየዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በማራኬሽ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ውልም መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ፣ የደራሲ መብት ሳያግዳቸው፣ እንዲዘጋጁ ፈቅዷል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። ስለዚህ እንዲህ ላለው ልጅ ስልክ ጌጥ ሳይሆን መነጽርና ምርኩዝ ነው።

ዓይኑም ጆሮውም ደኅና ለሆነው ልጅስ? እርሱ የሚያስፈልገው ስልክ ሳይሆን መጽሐፍ፣ የጥናት ጊዜና የሚጠይቀው ሰው ነው። በክፍል ውስጥ ስልኩ በኪሱ ያለ ተማሪ አካሉ ከእኛ ጋር ቢሆንም ልቡ ሌላ አገር እንደሚውል መምህር የሆነ ሁሉ ያየዋል። ገንዘብ ከተረፈ ስልኩ የቤተ ሰቡ ይሁን፤ በሳሎን ይቀመጥ፤ ለጥናት በታወቀ ሰዓት ይሰጥ፤ በመኝታ ሰዓትም ከወላጅ ዘንድ ይደር። ስልክ ገዝቶ ልጅን ከጥያቄው ለመገላገል የሚፈልግ ወላጅ ቢኖር ግን ልጁን ለሌላ አሳዳጊ እንደ ሰጠ ይቁጠረው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ገንዘብ ሳይጠይቁ ክፍልን ለሁሉ ልጅ የሚያመቹ ነገሮች እንዳሉ ልናሳይ እንወዳለን። ዓይኑ የደከመውን ልጅ ከፊት ማስቀመጥ፤ በሰሌዳ የምንጽፈውን ሁሉ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እያነበብን መጻፍ፤ ፊደሉን አጉልቶ ማስፈር። ጆሮው ለከበደው ልጅ ፊታችንን ወደ እርሱ መልሰን፣ ብርሃን በፊታችን ላይ ሆኖ፣ ሳንጮኽ በዝግታ መናገር፤ ሌላ ተማሪ ከኋላ የጠየቀውንም ደግመን መንገር። እግሩ ለማይራመደው ልጅ ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ። እነዚህ ሁሉ ምንም ወጪ የላቸውም። ደግሞም ለአንዱ ተብለው የተደረጉት ለሁሉም ይጠቅማሉ፤ ከሰሌዳው እያነበበ የሚጽፍ መምህር ዓይነ ስውሩን ብቻ ሳይሆን በኋለኛው ወንበር ያለውንም ይረዳልና።

ከእነዚህም ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ጥናት፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ ለመቀበል የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነ አሳይተዋል። መምህራኑ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ በተደረገ ጊዜ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ፤ ጥያቄ የሚጠይቁትም በዙ። ሦስት ሰከንድ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ደግሞ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ነገር ግን በአፋን ኦሮሞ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚመልሰው ልጅ፣ ቃሉ በአፉ ለሚይዘውም ልጅ ታላቅ ስጦታ ነው። ከጥያቄው በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው በሚያውቁት ቋንቋ እንዲነጋገሩበት ማድረግም እንዲሁ ነው። የተሻለው ለደከመው ያስረዳዋል፤ ይህም የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ሥራ በአዲስ ክፍል ውስጥ ሲፈጸም ነው።

አሁን ደግሞ ወላጆች ሆይ፣ ቃላችን ወደ እናንተ ነው። ብዙ ልጆች ከክፍል የሚቀሩት ስንፍና ስላለባቸው ሳይሆን የማያዩ ወይም የማይሰሙ መሆናቸውን ማንም ስላላወቀ ነው። በከተማችን አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ልጆችም በጢስ መካከል እንጨት ሲያቀብሉ ያመሻሉ፤ ዓይናቸው ቀልቶ በማግሥቱ ክፍል ሲገቡ ያንቀላፋሉ፤ ሰሌዳውንም ያፈጡበታል። ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ካለባቸው አገሮች ቀዳሚዋ አገራችን ናት። በሕፃንነት ይጀምራል፤ ደጋግሞ ሲይዝም ኋላ ካደጉ በኋላ ብርሃን ይነሣል። የልጅን ፊት በየማለዳው በንጹሕ ውኃ ማጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነውና፣ ይህን ለማድረግ ስልክ አያስፈልግም።

ልጃችሁ መጽሐፉን ከአፍንጫው ሥር አስጠግቶ የሚያነብ፣ ራቅ ያለ ነገር ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ፣ ወይም ራሱን የሚያመው እንደ ሆነ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ከኋላው ሆናችሁ በዝግታ ስትጠሩት የማይዞር፣ ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ፣ «ምን አላችሁ?» ማለት የሚያበዛ ከሆነም እንዲሁ አድርጉ። ጠበል ማስጠመቅና ሐኪም ማሳየት አይጣሉም፤ አንዱን ስንይዝ ሌላውን መጣል የለብንም። ስንት ልጅ «ደደብ» ተብሎ ትምህርቱን ትቶ ከብት ጥበቃ ከገባ በኋላ አንድ መነጽር ብቻ ጎድሎት እንደ ነበረ ታውቋል! መነጽሩ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ልጁ የተጠራበት ያ ስም ከሚያሳጣው ነገር ጋር ሲመዛዘን ዋጋው ምንም አይደለም።

ደግሞም ልብን የሚያሳዝን አንድ ልማድ አለ፤ ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሰው ዓይን መሰወር። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የሚገባ፣ በዓል ሲሆን ከቤት የሚቀር ልጅ ዛሬም አለ። «የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋምና፣ ወላጅ ሐፍረት ይሰማዋል። ነገር ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን አስረድቶ ሐሳባቸውን እንዳረመ ሁላችን በወንጌል የሰማነው ነው። ጌታ የዘጋውን ጥያቄ እኛ በልጆቻችን ላይ እንደገና ልንከፍተው አይገባንም።

የአገርም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994፣ በእኛ በ1986 ዓ.ም.፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን አገር በሳላማንካ ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሁሉ እንዲቀበሉ ተስማምተዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። እንግዲህ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ምጽዋት ለመለመን የመጣችሁ አይምሰላችሁ፤ የልጁን ድርሻ ለመቀበል ነው። መምህሩም ሲቀበላችሁ ውለታ እንደ ዋለ አይቁጠር፤ ሥራውን እንደ ሠራ ይቁጠር።

ለጠየቃችሁን ጥያቄ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ስልክም ሆነ ሌላ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የልጃችን እንቅፋት ምንድር ነው? ዓይን ነው፣ ጆሮ ነው፣ ቋንቋ ነው ወይስ የጥናት ጊዜ ማጣት? ሁለተኛ፣ ይህ መሣሪያ ያን እንቅፋት ያነሣለታልን? ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ሲይዝ ከአጠገቡ ሆኖ የሚጠይቀውና የሚጠብቀው ማነው? ለአባት ልጁ እንዲቀድምለት ለሚመኘው፣ ስልኩ ይቆይ፤ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ይስጠው እንላለን። ሰሌዳው ለማይታየው ልጅ አባት፣ አስቀድሞ መነጽሩን፣ ካስፈለገም ስልኩን ይግዛለት እንላለን። ጆሮዋ ለከበደው ልጅ እናት ግን፣ እኅታችን ሆይ፣ ልጅሽን ከቤት አታስቀሪያት። ሐኪም አሳያት፤ ወደ ትምህርት ቤት ይዘሻት ነዪና ከፊት እናስቀምጣት። ፊታችንን ወደ እርስዋ መልሰን እንናገራለን፤ መልስዋንም እስክትሰጠን እንጠብቃለን።

ቸሩ አምላክ ለልጆቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ይስጠን።